በረዶው ሳያልቅ ና

የቋንቋችን ሀብት ሲወደስ መስማት ደስ ይለኛል። ሃያ ዓመት ያህል ከጠመኔ ጋር የኖርኩትም ይህንኑ ሳወድስ ነው። በረዶ ላይ ስንደርስ ግን አማርኛችን እጅ ያጥረዋል። ነሐሴ ላይ ቆርቆሯችንን የሚደበድበው በረዶ ነው። ከፍሪጅ የሚወጣው በረዶ ነው። በፈረንጆች የገና ካርድ ላይ ጥጥ መስሎ ጣሪያ የሚያለብሰውም በረዶ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ውፍረት ኖሮት፣ ሸለቆ ሞልቶ፣ በገዛ ክብደቱ እየተንሸራተተ የሚጓዘውም ያው በረዶ ነው። ለዚህ ለመጨረሻው የጂኦግራፊ መምህራን “የበረዶ ግግር” የሚል ስም አውጥተውለታል። እኔም አንዱን የበረዶ ግግር ለመጎብኘት ማቀድ ከጀመርኩ እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈኝ።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ 1999 ዓ.ም. ነው። ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ታላቅ ወንድሜ ከካናዳ መጣ። ጋሼ ነው የምለው። በ1972 ዓ.ም. በመተማ በኩል ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም ካልጋሪ የገባ ሰው ነው። ሲሄድ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሲመለስ ፀጉሬ ሸሽቶ ጠበቀው። እናታችን ግን አልጠበቀችውም።

መጀመሪያ እንጦጦ ካልወጣሁ አለ። እኔ ቤቴ ኮተቤ ነው፤ ተራራው ጓሮዬ ማለት ነው። ይዤው ወጣሁ። እንጦጦ ማርያም ከመድረሳችን ሰማዩ ጠቆረና በረዶውን ለቀቀው። ባሕር ዛፍ ሥር ተጠልለን ሳለ ጋሼ መዳፉን ዘርግቶ ጥቂት ጠጠር ተቀበለና ሳቀ።

“ይኼ ደግሞ ምን በረዶ ነው! እኛ አገር ያለውን ባየህ!”

“እኛ አገር” ያለው ካናዳን መሆኑ ሲገባኝ ዝም አልኩ። እሱም የገባው መሰለኝ፤ ቶሎ ብሎ “መጥተህ ታየዋለህ” አለኝ።

“እሺ፣ የዛሬ ዓመት” አልኩት።

አገራችን በዚህች “የዛሬ ዓመት” በምትባል ነገር ስንት ጉዳይ እንደቀበረች አንባቢዬ ያውቃል።

ያም ሆኖ አንድ ደብተር ገዛሁ። በሽፋኑ ላይ “የበረዶ ጉዞ” ብዬ ጻፍኩበት። ጋሼ በስልክ የነገረኝን፣ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ሁሉ አሰፈርኩበት። የምንሄድበት ቦታ ኮሎምቢያ አይስፊልድ ይባላል። በሮኪ ተራሮች አናት ላይ ከሁለት መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋ የበረዶ ሜዳ ነው። ከሜዳው ወደ ሸለቆዎቹ እንደ ጣት ከሚወርዱት ግግሮች አንዱ አታባስካ ነው፤ እስከ አውራ ጎዳናው አቅራቢያ ስለሚወርድ እንደኔ ጉልበቱ የሰነፈ ሰውም ሊያየው ይችላል። ከካልጋሪ ባንፍ፣ ከባንፍ ሌክ ሉዊዝ፣ ከዚያ ወደ ጃስፐር በሚወስደው መንገድ ነው የሚደረሰው። መሄጃው ወር የእኛ ክረምት፣ የእነሱ በጋ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ። ሙቅ ካፖርት ያስፈልጋል። የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ያለ መሪ በረዶው ላይ መውጣት አደጋ አለው፤ ላዩ ደልዳላ መስሎ ሥሩ ጥልቅ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ጽፌያለሁ።

አንዱን ነገር ስጽፍ ግን ብዕሬ ቆመ። የዚያ ግግር እግር ያረፈው ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እኛ ኮተቤ ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነን! ከበረዶው እግር በላይ ተቀምጠን ጎመን እንተክላለን፤ እንጦጦም 3,000 ሜትር አልፎ ቢበዛ ኅዳር ላይ አመዳይ ያሳየናል። ልዩነቱ የፀሐይ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ፣ እነሱ 52 ዲግሪ ላይ ናቸው።

ጋሼ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ስኖው ዶም በሚባለው ጫፍ ላይ የሚቀልጠው ውሃ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ፣ አንዱ ወደ አርክቲክ፣ አንዱ በሃድሰን ቤይ በኩል ወደ አትላንቲክ ይሄዳል። ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

“የኛም እኮ ይከፈላል” አልኩት ተናድጄ። “እንጦጦ ጀርባ ላይ የጣለው ዝናብ በሱሉልታ አድርጎ ሙገር፣ ከሙገር ዓባይ፣ ከዓባይ ሜዲትራኒያን ይገባል። በኛ በኩል የጣለው በቀበና አቃቂ፣ ከአቃቂ አዋሽ ይገባና አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አያይም።”

ጋሼ ጥቂት ዝም አለና “አንድ ደመና የጣለው ውሃ አንዱ ባሕር ማዶ፣ አንዱ እዚያው” አለ። እኔ በክርክሩ ያሸነፍኩ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁ።

ዓመቶቹ ሄዱ። አንዱን ዓመት የተማሪዎቼን መመረቂያ ጽሑፍ ሳርም፣ አንዱን ቤት ሳድስ፣ አንዱን ልጄ ማትሪክ ስትፈተን አሳለፍኩት። በ2012 ቆርጬ ተነሳሁ፤ ኮሮና መጣና የዓለም በር ሁሉ ተዘጋ። በ2016 ክረምት ደግሞ በሐምሌ ወር የጃስፐርን ከተማ ሰደድ እሳት ገባባት፤ ከሕንፃዎቿ አንድ ሦስተኛ ያህሉን በላው። “ጢሱ ይጥራ” ብዬ እንደገና አራዘምኩ።

ጋሼ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይሄድና ፎቶ ይልክልኛል። ወደ አታባስካ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው ምልክቶች ተተክለዋል፤ የበረዶው ጫፍ በዚያ ዓመት እዚህ ድረስ ነበር ለማለት። ግግሩ ባለፉት 125 ዓመታት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ አፈግፍጓል፤ መጠኑም ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በጋሼ ፎቶዎች ላይ በረዶው ከኋላው በየዓመቱ እየራቀ፣ ፊት ለፊት የሚታየው ድንጋይ እየበዛ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የሚመጣው መልእክት አንድ ነው፤ “በረዶው ሳያልቅ ና።”

የሚገርመው ግግሩ ወደ ኋላ አይሄድም። ዘወትር ወደፊት፣ ወደ ታች ይፈስሳል። ከላይ የሚጨመረው ከታች የሚቀልጠውን ስለማይተካ ነው ጫፉ የሚሸሸው። ይህን ለመረዳት ጂኦግራፊ ማጥናት አያስፈልግም፤ የመምህር ደመወዝ በልቶ መኖር ይበቃል። ደመወዛችንም እኮ ወደፊት ይጓዛል፤ ጫፉ ግን ገበያ ላይ ይቀልጣል።

ጠዋት ጠዋት አብሮኝ ዳገት የሚወጣ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ጎረቤት አለኝ። ዕቅዴን ባነሳሁ ቁጥር ይስቅብኛል።

“በረዶ ለማየት ካናዳ ድረስ? ባሌን ረሳኸው?”

እውነቱን ነው። ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚሮጥበት የሳነቲ አምባ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጭምር፣ አንድ ዘመን በረዶ ተጭኖት ነበር። ፊንጫ ሐበራ በተባለ ዋሻ ከ40,000 ዓመት በፊት ሰዎች ከበረዶው ብዙም ሳይርቁ ይኖሩ እንደነበር፣ ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ጽፈዋል። አሁን በአፍሪካ በረዶ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ2040ዎቹ ሊጠፋ እንደሚችል የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አስጠንቅቋል።

“ለባሌው ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ዘግይተሃል፤ ለካናዳው እንኳ ፍጠን” አለኝ ጎረቤቴ።

ዘንድሮ የየካ ሚካኤል ታቦት በገባ ማግሥት ጋሼ ደወለ። የጥምቀቱን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ በረዶው ዞረ። “መንዳቱን እንኳ አሁን ለልጁ ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ያደርሰናል። አንተ ልጅ፣ በረዶው ሳያልቅ ና” አለኝ። ደብተሬን አወጣሁ። “ሾፌር፣ ጋሼ” የሚለውን ሰርዤ “ሾፌር፣ የጋሼ ልጅ” ብዬ አስተካከልኩ። ዕቅድ ማለት እንዲህ ነው፤ በየጊዜው መታረም አለበት!

ባለቤቴ ቡና እያፈላች ታየኛለች።

“ምን አለህ?”

ነገርኳት።

“አርባ ዓመት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ምን ሆኖ ተወ?”

“እንጃ፤ አልጠየቅኩትም።”

ደብተሩን ከእጄ ወሰደችው። ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ኪሎ ሜትሩን፣ ከፍታውን፣ የጫማውን ዓይነት አየች። ከዚያ ረጋ ብላ “በዚህ ሁሉ ውስጥ የወንድምህ ስም ያለው ሾፌር በሚለው ቦታ ብቻ ነው። እሱንም አሁን ሰረዝከው” አለችኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሰምና ወርቅ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተማሪ ሰሙ ላይ ቆሞ ሲቀር ውጤት ቀንሼበታለሁ። “ገጣሚው ያላለውን ስሙ” እያልኩ ጉሮሮዬ ነቅቷል። አንድ ሰው ግን ለአሥራ ስምንት ዓመት ያንኑ አንድ ስንኝ እየደጋገመ ሲልክልኝ እኔ የበረዶውን ውፍረት ስለካ ኖሬያለሁ። የኛ ቤት ሰው “ናፈቅከኝ” አይልም። አባታችንም አይልም ነበር፤ “ዶሮዋ ሳታረጅ ብቅ በሉ” ነበር የሚለው። ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል ይባላል። እኔ ተራራውን ለማግኘት ስሰናዳ ሰውዬውን አቆይቼዋለሁ።

እነሱ ዘንድ እስኪነጋ ጠብቄ ደወልኩ።

“ጋሼ፣ መኪናውን ለምን ተውከው?”

ዝም አለ። ከዚያ፣ “ዓይኔ ነው። ግላኮማ ይሉታል። ከጎን ከጎን እየበላኝ ነው፤ የጠፋው አይመለስም አሉኝ፤ የቀረውን በጠብታ እየጠበቅኩ ነው።”

ምን እንደምል አጣሁ። እሱ ግን ሳቀ። “ፊት ለፊት ያለውን ገና አያለሁ። ስትመጣ ከጎኔ አትቁምብኝ፤ ከፊቴ ቁም።”

ይኸው አሁን የቪዛ ቅጽ እየሞላሁ ነው። ምን ይዤለት እንድመጣ ጠይቄው የእንጦጦ ጦስኝ ብቻ አለኝ፤ ለቅሜ፣ ጥላ ሥር አድርቄ ከረጢት ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። ቅጹ ላይ “የጉዞው ዓላማ” የሚል መስመር አለ። በረቂቁ ላይ “የበረዶ ግግር ለመጎብኘት” ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩትና “ወንድሜን ለማየት” ብዬ ጻፍኩ።

ባለቤቴ በትከሻዬ አሻግራ አነበበችው።

“በረዶውስ?”

“ከደረስንበት እሱንም እናየዋለን” አልኳት።