ሙሉ ማለት ምን ያልጐደለው ነው?

እኛ የዚህ ግቢ ተማሪዎች በቀን ስንት ጊዜ «ኮምፕሊት» እንደምንል የሚቈጥር ሰው ቢገኝ፣ ቍጥሩ ሳያስደነግጠን አይቀርም። ምዝገባው ኮምፕሊት ነው፤ የቡድን ሥራው ኮምፕሊት ነው፤ አንድ ፈተና ያመለጠው ጓደኛችንም «ኢንኮምፕሊት» ተጽፎበት ወደ መምህሩ ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል። ዳሩ ግን ይህ ቃል ከ«ሆል»፣ ከ«ኢንታየር»ና ከ«ፐርፌክት» በምን ይለያል ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ መልሱ «ያው ሙሉ ማለት ነው» ነው። መዝገበ ቃላቱም ብዙውን ጊዜ «ሙሉ፣ ፍጹም፣ ጠቅላላ» የሚሉትን ሦስት ቃላት እያፈራረቀ ለሁሉም ያድላል።

ነገሩን እንድንመረምር ያደረገን የሕክምና ተማሪ የሆነ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነው። ለልምምድ በተመደበበት ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ መዝገብ ይይዛል። የተለመደው የዚህ በሽታ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ 6ቱ ወር ሲያልቅ የበሽተኛው ውጤት ይመዘገባል። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት «ኪዩርድ» የሚባለው፣ በሳንባው ውስጥ ተሐዋሲው በምርመራ ተረጋግጦ ሕክምናውን ከጨረሰ በኋላ መሻሉ ደግሞ በላቦራቶሪ የታየለት ሰው ነው። መድኃኒቱን በደንቡ ጨርሶ፣ ሕክምናው ከሸፈ የሚያሰኝ ነገር ሳይኖር፣ ያ ማስረጃ የሌለው ግን «ትሪትመንት ኮምፕሊትድ» ተብሎ በሌላ ዐምድ ይገባል።

እንግዲህ አንዲት እናት መጡ። በሽታቸው የአንገት ዕጢ ነበረ እንጂ የሳንባ አልነበረምና፣ በደንቡ መሠረት የሚገቡት በሁለተኛው ዐምድ ነው። ጓደኛችን በትሕትና «እማማ፣ ሕክምናዎን ጨርሰዋል» አላቸው። እሳቸውም «እሱንማ እኔም አውቃለሁ ልጄ፤ የጨረስሁት እኔ ነኝ። ዳንሁ ወይ ነው የምልህ» አሉት። ጓደኛችን ማታ ይህን ሲነግረን ሣቅን። ወዲያው ግን ሣቃችን ቀዘቀዘ፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ የጠየቁት ስለ አንድ ዐይነት ሙሉነት፣ የተመለሰላቸውም ስለ ሌላ ዐይነት ሙሉነት ነበረ።

«ኮምፕሊት» ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ሥሩ መሙላት ነው። የሚጠይቀውም ስለ ባዶ ቦታ ነው፤ ቅጹ ላይ ያልተሞላ መስመር፣ ካርዱ ላይ ምልክት ያልተደረገበት ቀን አለ ወይ ይላል። «ሆል» ግን የእንግሊዞች የራሳቸው ቃል ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሃል» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም ደኅና፣ ያልቈሰለ፣ ጤነኛ ማለት ነው። ማዳን የሚሉበት «ሂል»፣ ጤና የሚሉበት «ሄልዝ»፣ ቅዱስ የሚሉበት «ሆሊ» ሁሉም የዚህ ቃል ዘመዶች ናቸው። ዛሬ በፊቱ የሚጻፈው «ደብልዩ» በ15ኛው መቶ ዓመት ግድም በጽሕፈት የገባ ነው እንጂ ከሥሩ አልነበረም። (ምሉዑና ቀዳዳው በእንግሊዞችም አፍ አንድ ድምፅ ናቸው፤ አዳራሹን ጨምረን ሦስቱን «ሆል» ያደረግናቸው ግን እኛ ነን።) ስለዚህ እማማ በአማርኛ ይናገሩ እንጂ፣ የጠየቁት በጥንታዊው «ሃል» ነበረ ማለት ይቻላል።

«ኢንታየር» ደግሞ ሌላ ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ኢንቴገር» የመጣ ሲሆን ሥሩ «ያልተነካ» ማለት ነው። በሒሳብ ክፍል የምናውቀው «ኢንቲጀር» ያው ቃል ነው፤ ሹመት በተሰጠ ቍጥር የሚነሣው «ኢንተግሪቲ»ም ከዚያው ይወለዳል። እኛም «ያልተነካ ሌማት» እንላለን፤ ስለ ሕዝብ ገንዘብ ግን እንዲህ ለማለት ዕድሉን የምናገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ስለ «ፐርፌክት» ብዙ አንልም። እስከ ዳር የተሠራ ማለት ነው፤ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ መከራ ያሳየን «ፕረዘንት ፐርፌክት»ም እንከን የሌለው ሳይሆን የተፈጸመ ድርጊት ማለት መሆኑን አስቀድሞ የነገረን ቢኖር ግማሹ መከራ በቀለለ ነበር። «ፍጹም» የሚለው ቃላችንም «ፈጸመ» ከሚለው የተገኘ ነው፤ የብራና ጸሐፊም ሥራውን ሲያበቃ «ተፈጸመ» ብሎ ይዘጋል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኛን ይበልጥ የሚያስቸግረን «ኦል»ንና «ሆል»ን መለየት ነው። እንግሊዝኛ «ኦል ቪሌጅስ» ካለ መንደሮቹን አንድ በአንድ ቈጥሮ አንድም አልቀረም ማለቱ ነው። «ሆል ቪሌጅስ» ካለ ግን የተቃጠለው መንደር ከዳር እስከ ዳር ተቃጠለ ማለቱ ነው፤ ጎረቤቱ ያለው መንደር ተርፎ ሊሆን ይችላል። የኛ «መንደሩ ሁሉ ተቃጠለ» ሁለቱንም ያስተናግዳል። በታሪክ ትምህርት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በመድኃኒት ቤትም እንደዚሁ ነው፤ «ፉል ኮርስ» የሚለውን «ሙሉውን መድኃኒት ውሰዱ» ብሎ የሚተረጕም ሰው፣ ባንድ ጊዜ ነው ወይስ በየቀኑ የሚለውን ለበሽተኛው ግምት ትቶለታል። «እስከ መጨረሻው ቀን ሳታቋርጡ ውሰዱ» ቢል ምን ይጐዳዋል?

አማርኛችን በዚህ ረገድ ድኻ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን፤ እኛ አንስማማም። «ድፍን»ን ተመልከቱ። ከ«ደፈነ» የወጣ ነው፤ ቀዳዳ የሌለው ማለት ነው። ድፍን ምስር ያልተከካ ነው፤ ድፍን መቶ ብር ያልተዘረዘረ ነው፤ ድፍን ዓመት አንድ ቀን ያልጐደለው ነው። ለሰው ግን አይሆንም፤ ድፍን ሰው ቢባል ስድብ ይመስላል። «ከነ» የምትለዋ ቅጥያም አለች፦ ከነጓዙ፣ ከነኮተቱ፣ ከነቤተሰቡ። እንግሊዝ ይህን ለማለት ጠመንጃውን ፈታትቶ የእሳት መምቻውን፣ ሰደፉንና አፈሙዙን ይቈጥራል፤ «ሎክ፣ ስቶክ ኤንድ ባረል» ይላል። ዓሣ አጥማጁም አለ፤ የተነገረውን ሁሉ የሚያምን ሰው መንጠቆውን፣ ገመዱንና እርሳሱን ጭምር ዋጠ ይባላል።

ነገር ግን ሙሉነትንና ጤንነትን ባንድነት የሚይዝ ቃል ፍለጋ በየመኝታ ክፍሉ ዞርን። የትግርኛ ተናጋሪዎቹ «ምሉእ» አሉን፤ የኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ «ጉቱ» አሉን፤ ሁለቱም የሚሄዱት ወደ መሙላት ነው። በመጨረሻ ዐረብኛ የሚያውቅ ጓደኛችን «ሰሊም» የሚለውን ሰጠን፤ ጤነኛም ያልተሰበረም ማለት ነው። በዕብራይስጥም «ሻሌም» ምሉዕ ማለት ሲሆን፣ የኛው «ሰላም» የዚያው ሥር ልጅ ነው። ቃሉስ ለካ ጧት ጧት በአፋችን ነበረ ብለን ደስ እያለን ወደ ሕክምና ተማሪው ሄድን።

እርሱ ግን አልተደነቀም። «እማማ በመጡ ቍጥር መቼ ሳልላቸው ቀርቼ ነው?» አለን። «ገና ከበሩ 'ሰላም ነዎት?' እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም 'እሱን አንተ ልትነግረኝ አይደል የመጣሁት?' ይሉኛል።»