እጄ አልታዘዝ ያለኝ ጊዜ

የመጀመሪያ ልጄን ፀንሼ ሦስተኛ ወሬን እንደያዝኩ ነው የጀመረኝ። ቡና እየቀዳሁ ቀኝ እጄ ሳላስበው ተወናጨፈና ጀበናው ወድቆ ተሰበረ። ድካም ነው ብዬ ተውኩት። በሳምንቱ ትከሻዬ ይሰበቅ፣ ፊቴ ይኮማተር፣ እግሬ ይፈራገጥ ጀመር። ጉርሻ አፌ አልደርስ አለ፤ ምላሴ ተሳሰረ።

ጎረቤቶች «ዛር ነው» አሉ። እናቴ ግን እጄን ይዛ ስታድር አንድ ነገር አስተዋለች፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ሁሉም ፀጥ ይላል። ጠበሉንም ሳትተው ሐኪም ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ሁለት ጣቱን ሰጥቶ «አጥብቀሽ ያዢ» አለኝ። አልቻልኩም፤ እጄ ላም እንደሚያልብ ሰው እጅ ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ ይላል። «በልጅነትሽ ጉሮሮሽን ታመሽ መገጣጠሚያሽ አብጦ ያውቃል?» ሲል ጠየቀኝ። እናቴ አቀርቅራ መለሰች። በዘጠኝ ዓመቴ ቶንሲል ሲያመላልሰኝ እንጥሌን አስቆርጠውኝ ነበር፤ ከዚያ ጉልበቴ አብጦ ወር ሙሉ ተኛሁ። የልብ አልትራሳውንድ ስነሳ አንዱ የልቤ ቫልቭ ጠባሳ ተገኘበት።

ሕመሙ ኮሬያ ግራቪዳረም ይባላል፤ ኮሬያ በግሪክኛ ጭፈራ ማለት ነው። ብዙ አያጋጥምም። ያልታከመ የጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ልብን ብቻ ሳይሆን አንጎልንም ይነካል፤ ያ ለዓመታት ተዳፍኖ የቆየ ጉዳት በእርግዝና ሆርሞን ሊቀሰቀስ ይችላል። ሉፐስ የሚባለው ሕመምም፣ ደም የሚያረጋ ሌላ ሕመምም ሊያመጡት ስለሚችሉ ደሜ ተመረመረ። ጥቂት መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ እንዳልጋጭ አልጋዬ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ታጠረ።

ልጄን በሰላም ተገላገልኩ። መጀመሪያ ላይ እንዳልጥላት ፈርቼ አላቅፍም አልኩ። እናቴ እጇን ከእጄ ሥር አድርጋ አሳቀፈችኝ። ከሳምንታት በኋላ እጇን ቀስ ብላ ስታወጣ ልጄ ደረቴ ላይ በሰላም መተኛቷን ቀጠለች።

ዛሬ የሩማቲክ ትኩሳቱ እንዳይመለስብኝ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን እወጋለሁ። ኮሬያው በሌላ እርግዝና ሊመለስ ስለሚችል፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያም ሊቀሰቅሰው ስለሚችል፣ ያለ ሐኪም ምክር አንዱንም አላደርግም።

እናቶች፣ ልጃችሁ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል ቆራጭ ዘንድ አትውሰዱት። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የእኔ መከራ የጀመረው እዚያ ነው።