የአሥራ ሰባት ዓመት ተራ

በደሴ ከተማ የሒሳብ መምህር የሆነ አንድ ሰው በቤቱ ግድግዳ ላይ፥ ከቀን መቍጠሪያው አጠገብ፥ አንዲት ትንሽ ወረቀት ለጥፎ ብዙ ዘመን ኖረ። በወረቀቲቱ ላይ የተጻፈው አንድ ቀን ብቻ ሲሆን፥ እርሱም በፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 12 ቀን 2007 የሚል ነበር። (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) እንግዳ በገባ ጊዜ «ይህ የማን ልደት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መምህሩ «ልደትስ አይደለም፤ ተራችን ነው» ብሎ ይመልስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እኅቱ በ1999 በዕጣ አሜሪካ ገብታ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ ተቀመጠች፤ የሚገባውም ዓመት ሲፈጸም የአገሩን ዜግነት ተቀበለች። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ወንድሙንና እኅቱን ለማስመጣት እንዲያመለክት የአገሩ ሕግ ይፈቅዳልና፥ ሳትውል ሳታድር ስለ ወንድሟ ማመልከቻ አስገባች። ማመልከቻው መሥሪያ ቤቱ የደረሰበት ቀን የተራ ቀን ይባላል፤ በዚህ ነገር የደከሙ ሰዎች «ፕራዮሪቲ ዴት» እያሉ የሚጠሩት እርሱ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ከሰልፍ ገባ ማለት ነው፤ ሰልፉ ግን በዓይን የማይታይ፥ የፊተኛውም ሰው ጀርባ የማይታወቅበት ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ማመልከቻው መጽደቁን የሚያስታውቅ ደብዳቤ ደረሰ። እኅቱ በስልክ «ጋሼ፥ እንኳን ደስ አለህ፤ በዓመቱ አንድ ላይ ነን» አለችው። ቡና ተፈላ፥ ጎረቤት ተጠራ። ልጂቱ ያን ጊዜ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበረችና ጎረቤቶቹ «እንግዲህ ፊደልን የምትቈጥረው በእንግሊዝኛ ነው» እያሉ ሳሙአት። ደብዳቤው እንዲህ ፈጥኖ መድረሱ ትልቅ ዕድል ሆኖ ታየ፤ ይህ ፍጥነት ኋላ ምን እንዳመጣ በቦታው ይነገራል።

መጽደቅና መሄድ ሁለት ነገር መሆናቸውን መምህሩ የተማረው ቀስ በቀስ ነው። በ1965 የወጣው ሕግ ሰውን በትውልድ አገሩ የሚመዝነውን የቀድሞ ድልድል አስቀረ፤ በ1990 የወጣው ደግሞ ዛሬም የሚሠራበትን ቍጥር ወሰነ። የዜጋ ባል ወይም ሚስት፥ ያላገቡና 21 ዓመት ያልሞላቸው ልጆቹ፥ ወላጆቹም፥ ቍጥር አይከለክላቸውም። ወንድምና እኅት ግን በአራተኛው ረድፍ ተመድበው፥ ለዓለም ሁሉ በዓመት 65000 ቪዛ ተሰፍሮላቸዋል፤ ሚስትና ልጆችም ከዚሁ ቍጥር ይቀነሳሉ። አራት ነፍስ ያለው ቤት አራት ቍጥር ይወስዳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ከአንድ አገር የሚመጡ ሰዎች ከጠቅላላው ከመቶ 7 እንዳይበልጡ ተወስኗል። የሚያመለክተው ሰው ከቍጥሩ እጅግ ስለሚበልጥ ሰልፉ በየዓመቱ ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው በየወሩ የቪዛ ማስታወቂያ ያወጣል። በማስታወቂያው ላይ ለየረድፉ አንድ ቀን ይጻፋል፤ የተራ ቀኑ ከዚያ የሚቀድም ሰው ይጠራል፥ ያልቀደመ ይጠብቃል። ሕንድ፥ ሜክሲኮና ፊሊፒንስ ሰዎቻቸው ስለ በዙ በየራሳቸው ዐምድ ይጻፋሉ፤ ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር በአንድ ዐምድ ናት። የሜክሲኮ ወንድሞች በ2024 ከ20 ዓመት በላይ ጠብቀው እንደ ነበር መምህሩ ከዚያው ዐምድ አንብቧል። በዚህ መጽናናቱን ለባልንጀሮቹ ሲናገር ያፍር ነበር፤ ቢሆንም ተጽናና።

እርሱም የሒሳብ ሰው ነውና ማስታወቂያውን በየወሩ በደብተር ይገለብጥ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ዓመት ሲያልፍ ተራውም ዓመት የሚራመድ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። አንድ ወር ስድስት ሳምንት ይራመዳል፥ ሌላ ወር ከቦታው አይነቃነቅም፤ በ2011 መጀመሪያማ ብዙዎቹ የቤተሰብ ረድፎች ወደ ኋላ ተመለሱ። መምህሩ የማተሚያ ስሕተት መስሎት እኅቱን ጠየቀ። ስሕተት አልነበረም፤ ቀናቸው የደረሰ ሰዎች ከታሰበው በላይ ወረቀታቸውን ይዘው ሲቀርቡና የቀረው ቍጥር የማይበቃ ሲሆን፥ መሥሪያ ቤቱ ቀኑን ወደ ኋላ ይስበዋል። በ2020 ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ ደግሞ የቆንስላዎች ሥራ ተቋረጠ፥ የወንድምና የእኅት ቪዛም በፕሬዚዳንቱ ዐዋጅ እስከ 2021 መጀመሪያ ታገደ። በዚያ ዓመት ቤተሰቦች ሳይወስዱት የቀረው ቍጥር፥ ከ120000 የሚበልጠው፥ በሕጉ መሠረት በሚቀጥለው ዓመት በሥራ ለሚገቡት ተላለፈ። መምህሩ በደብተሩ ኅዳግ ላይ «ወረሱን» ብሎ ጻፈ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የእኅቱ ጤና ነበር። አመልካቹ ሲሞት ማመልከቻው አብሮት የሚሞትበት ጊዜ ብዙ ነውና፥ እኅቱ በስልክ ባሳለች ቍጥር መምህሩ እንቅልፍ አያገኝም። የሚያዝነው ለእኅቱ ይሁን ወይስ ለተራው፥ ራሱን ጠይቆ መልስ ያጣበት ሌሊት ነበር።

በ2024 ክረምት ማስታወቂያው የእርሱን ቀን አለፈ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሚስቱ እልል አለች፤ በመካከል የተወለደው የዐሥራ አምስት ዓመቱ ወንድ ልጅ ጫማውን እየተመለከተ «እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?» ይል ጀመር። ልጂቱ ግን 22 ዓመት ከአምስት ወር ሞልቷት ነበር፤ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ በሐኪም ቤት ተቀጥራለች።

ሕጉ ከአባት ጋር የሚሄድ ልጅ ያላገባና 21 ዓመት ያልሞላው ይሁን ይላል። በ2002 የወጣ ሌላ ሕግ፥ ልጆች በመሥሪያ ቤቱ መዘግየት እንዳይጐዱ ሲል፥ ማመልከቻው ሳይጸድቅ የቈየበትን ዘመን ከልጁ ዕድሜ ላይ ይቀንሳል። በሰልፉ የቈየበትን ዘመን ግን አይቀንስም። መምህሩ ወረቀት አውጥቶ አሰበ፤ ማመልከቻው የዘገየው አምስት ወር ብቻ ነውና፥ ከ22 ዓመት ከአምስት ወር ላይ አምስት ወር ቢነሣ 22 ዓመት ይቀራል። በዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባልንጀራው ወንድሙ በዚያው ወር አመልክቶለት ነበር፤ የእርሱ ማመልከቻ ግን አራት ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤት ተኝቶ፥ ባለቤቱ ሲያማርርና ሲያለቅስ የኖረበት ነው። የባልንጀራው ልጅ ከመምህሩ ልጅ ጋር በአንድ ዓመት የተወለደች ስትሆን፥ አራቱ ዓመት ሲነሣላት የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆና ተቈጠረች፤ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ቡና የተፈላበት ደብዳቤ ልጂቱን አስቀራት። ከዚህ የሚብስ ሒሳብ መምህሩ አልሠራም ነበር።

እኅቱ የሕግ ዐዋቂ ጠይቃ መልሱን በስልክ አስረዳችው። ልጂቱ የአባቷን የድሮ ተራ ይዛ ልትቀጥል አትችልም፤ የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2014 እንዲህ ያሉትን ልጆች ከልክሏል። አባትየው ሄዶ ግሪን ካርድ ከያዘ በኋላ እንደ አዲስ ሊያመለክትላት ይችላል፤ የዚያም ረድፍ ሰዎች በዚያን ጊዜ ስምንት ዓመት ያህል ይጠብቁ ነበር። አባቷ ዜጋ ሳይሆን ካገባች ደግሞ ማመልከቻው ይሰረዛል። እኅቱ ይህን የመጨረሻውን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ባለፈው ፋሲካ አንድ ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ እንደ ሆነ ታውቃለችና።

መምህሩ ሦስት ቀን ለማንም አልተናገረም። በአራተኛው ማታ እራት ከተበላ በኋላ ሁሉን በወረቀት ላይ እየጻፈ ለልጂቱ አሳያት፤ እንዳትሳሳት ብሎ ቅነሳውን ሁለት ጊዜ ሠራላት። እርስዋም ዝም ብላ ከሰማችው በኋላ፥

«አባዬ፥ እርስዎ ይሂዱ» አለችው። «እማዬና ወንድሜም ይሂዱ። እኔ ሌላ ሰልፍ አልገባም። ስምንት ዓመት ሳላገባ ተቀምጬ ከዚያ ባይሳካስ?»

«ብቻሽን ትተን?»

«ብቻዬን አይደለሁም፤ ሽማግሌዎቹን መልሱልኝ እንጂ።»

እናቲቱ ማልቀስ ጀመረች። መምህሩ ተቈጥቶ ሊናገር አሰበና ተወው፤ ልጂቱ ትክክል ነበረችና፥ ትክክል የሆነ መልስ ላይ ቀይ መስመር አስምሮ አያውቅም። ተነጋግረውም ሚስት ከባልዋ በኋላ ልትከተል ሕጉ ይፈቅድላታልና፥ አባትና ልጅ እንዲቀድሙ፥ እናት ልጂቱን ድራ እንድትከተል ተስማሙ።

በማግሥቱ የቪዛውን ቅጽ ሞላ። ቅጹ የሚሄዱትንም የማይሄዱትንም ልጆች ሁሉ እንዲጽፍ ይጠይቃል። የበኵር ልጁ ናትና ስምዋን አስቀድሞ ጻፈ፤ ከዚያ በታች «ይህ ልጅ ከአንተ ጋር ይሄዳልን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ጥቂት ቈየ፥ አይሄድም በሚለው ላይም ምልክት አደረገ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሽማግሌዎቹ ሰው ልኮ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲመጡ አስነገረ።