ከሮቤ እስከ ገሰራ፦ የኮርቹ አጥር

ከሮቤ ተነሥቶ በስተሰሜን ወደ ገሰራ የሚጓዝ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በስንዴና በገብስ ማሳ ላይ ነው። ደጋው እስከ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ ይዘልቃል፤ ከሸለቆው ማዶ አርሲ ነው። በአዝመራው መካከል ዛፍ የሚበረክተው በየግቢው ዙሪያ ነው። ከእነዚህም አንዱ በአማርኛ ኮርች፣ በኦሮምኛ ወለንሱ የሚባለው ነው።

ኮርች የባቄላና የአተር ዘመድ ነው ቢባል የሚገረም አይጠፋም። ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት በልባስ ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል፤ መርዝ ስላለበት ግን አይበላም። በዓለም ሞቃት ክፍሎች ከ100 የሚበልጡ የኮርች ዝርያዎች አሉ። በአገራችን በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዱ እስከ ደቡባዊ አፍሪካ ድረስ ይበቅላል። የደጋና የወይና ደጋው ኮርች ግን ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ አይገኝም። ሳይንሳዊ ስሙ «ኤሪትሪና ብሩሴይ» ነው፤ «ኤሪትሪና» በግሪክኛ ቀይ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ «ብሩሴይ» ለስኮትላንዳዊው ተጓዥ ለጀምስ ብሩስ መታሰቢያ ነው።

ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. አገራችንን የጎበኘው ብሩስ፣ «ቋራ» ብሎ የጠራው የኮርች ፍሬ ወርቅ ይመዘንበት እንደነበርና «ካራት» የሚለው ቃልም ከዚሁ እንደመጣ ጽፏል። ግምቱ ግን አልሠመረለትም። ካራት ከዐረብኛው «ቂራጥ»፣ ቂራጥም ካሮብ ከተባለው ዛፍ ፍሬ የግሪክኛ ስም የመጣ ነው። ካሮብም ራሱ የባቄላ ዘመድ ነው!

ገሰራ አቅራቢያ የተቀበሉን አዛውንት ግቢያቸውን የከበበውን ኮርች እያሳዩን፣ «አባቴ ክረምት ሲገባ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ሰካው፤ በዚያው ጸደቀ» አሉን። «ልጆቼ ግን ለማገዶ አይረባ፣ ለቤት አይሆን፣ ቆርጠን ሽቦና ባሕር ዛፍ እናድርግበት ይላሉ።»

ልጆቹ ስለ እንጨቱ አልተሳሳቱም፤ የኮርች እንጨት ቀላልና ልል ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው። ሥሩ ላይ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ከአየር ናይትሮጂን እየወሰዱ አፈሩን ያዳብራሉ። ቅጠሉ በበጋ ለከብት መኖ፣ ሲረግፍ ማዳበሪያ ይሆናል። በሲዳማና በጌዴኦ ለእንሰትና ለቡና ጥላ ነው።

ዛሬ ኮርች ሊጠፉ ከተቃረቡት ዕፅዋት አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ዘሩ ያለው በዚህች አገር ብቻ ነውና፣ እዚህ ካለቀ ከየትም አይመጣም። ይህንን ስንነግራቸው አዛውንቱ፣ «ታዲያ በሌላ አገር የለም፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው በእኔ ዕድሜ አይነኩትም» አሉ።

ከእርሳቸው በኋላ ያለው የልጆቹ ፈንታ ነው። እናንተም የኮርች አጥር ካላችሁ፣ አንዱን ከመቁረጣችሁ በፊት ቅርንጫፉን በሌላ ቦታ ስኩት፤ ዝናብ ካገኘ አያሳፍራችሁም።