የተቈጠሩ ወንበሮች አገር

ወደ ጀርመን አገር የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ለማየት የሚጓጓው የራይንን ወንዝ፤ የጥንት ግንቦችንና ታላላቅ ፋብሪካዎችን ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ለጥቂት ሳምንታት ወደዚያ ስሻገር ሐሳቤ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ነገር ግን ገና በመጀመሪያው ማታ፤ በፍራንክፉርት ከተማ ባረፍሁበት በዘመዶቼ ቤት፤ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋች አንዲት ወረቀት የጉዞዬን አቅጣጫ ለወጠችው።

የቤቱ ጌታ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። በአውሮፕላን ጣቢያው ለብዙ ዓመታት ሠርተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፤ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያው ተወልዳ እዚያው የተማረች ስትሆን፤ አቢቱር የተባለውን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና 1 ነጥብ 6 አግኝታ አልፋለች። በዚያ አገር የማርክ አቆጣጠር ከእኛው የተገለበጠ ነው፤ 1 ነጥብ 0 ከሁሉ የበለጠው ሲሆን 4 ነጥብ 0 የማለፊያው መጨረሻ ነው። እንግዲህ 1 ነጥብ 6 ማለት ለማንኛውም አባት የሚያኰራ ውጤት ነው። ልጅቱ ግን የተመኘችው ሕክምና ስለ ነበረ አልገባችም። ሦስት ዓመት የነርስነት ሙያ ተምራ አሁን በሆስፒታል ትሠራለች፤ ማመልከቻዋንም በየዓመቱ ታስገባለች።

«አንተ አስተማሪ ነህና እስቲ አስረዳኝ» አሉኝ ጋሼ ወረቀቷን ወደ እኔ እየገፉ። «ልጄ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ከበር ስትመለስ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

ወረቀቷ ያለፈው ዓመት የእምቢታ መልስ ነበረች። ልጅቱ መሥመር በመሥመር ተረጐመችልኝ። በመጀመሪያ አልተቀበልንሽም ይላል። ቀጥሎ በተራው ስንተኛ እንደ ነበረችና የመጨረሻው ገቢ ስንተኛ እንደ ነበረ በቁጥር ይነግራል። በግርጌው ደግሞ በዚህ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በየትኛው ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ እንደሚችል ያስታውቃል። እኔ በዕድሜዬ እምቢታ አይቻለሁ፤ ራሱን የሚያስከስስበትን መንገድ የሚያሳይ እምቢታ ግን አላየሁም። ለጋሼ የሰጠሁት መልስ አልነበረም። በማግስቱ ፈጣኑን ባቡር ትቼ በራይን ዳር የሚሄደውን ይዤ ወደ ዶርትሙንድ ተጓዝሁ።

ዶርትሙንድ በድንጋይ ከሰል፤ በብረትና በቢራ የታወቀች የሠራተኛ ከተማ ነበረች። ዛሬ የከሰሉ ጕድጓዶች ተዘግተዋል። በጥንቱ የቢራ ፋብሪካ አናት ላይ የቆመው ትልቅ የ«ኡ» ፊደል ግን ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ይታያል፤ ሕንፃውም የሥነ ጥበብ ቤት ሆኗል። የእግር ኳስ ወዳጆች ከ81 ሺህ በላይ ተመልካች በሚይዘው ስታዲየሟ ያውቋታል። ሐኪም ለመሆን የሚመኙ የጀርመን ወጣቶች ግን ዶርትሙንድን የሚያስቧት በሌላ ምክንያት ነው፤ ማመልከቻቸው የሚመዘነው በዚህች ከተማ ነውና። መሥሪያ ቤቱ በ1973 ሥራ ሲጀምር የትምህርት ቦታዎች ማከፋፈያ ማእከል ይባል ነበር፤ ከ2010 ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ቅበላ ድርጅት ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለጐብኚ የሚታይ ነገር የለውም። ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር ስለሚያልቅ ሰልፈኛም፤ በር ላይ የሚለጠፍ የስም ዝርዝርም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጀርመን አገር ከግማሽ የሚበልጡት የትምህርት ዓይነቶች አቢቱር ላለው ሁሉ ክፍት ናቸው። ፈላጊው ከወንበሩ ሲበዛ ግን «ኑሜሩስ ክላውዙስ» የሚባለው ይመጣል፤ በላቲን ቋንቋ «የተዘጋ ቁጥር» ማለት ነው። እንደ ሥነ ልቡና ባሉት ትምህርቶች የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ሕክምና፤ የጥርስ ሕክምና፤ የእንስሳት ሕክምናና የመድኃኒት ቅመማ ግን ለመላው አገር በአንድነት በዶርትሙንድ በኩል ይታደላሉ። የወንበሩም እጥረት ቀላል አይደለም፤ በ2017 መጸው ለሕክምና ከ43 ሺህ የሚበልጡ ወጣቶች አመልክተው የነበረው ቦታ ከ9 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ነበር።

ብዙ ሰው፤ ጀርመኖችም ጭምር፤ የመግቢያው ማርክ አስቀድሞ የተወሰነ ይመስላቸዋል። አይደለም። ማንም ሹም ቁጭ ብሎ «ዘንድሮ 1 ነጥብ 1 ይሁን» አይልም። አመልካቾቹ በተራ ይደረደራሉ፤ ወንበሩ ሲያልቅ የመጨረሻው ገቢ የያዘው ማርክ የዚያ ዓመት ወሰን ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ወሰኑ አስቀድሞ የተሠራ አጥር ሳይሆን የመጨረሻው ሰው ያለፈበት ዱካ ነው፤ በየዓመቱም ይለዋወጣል። ሁለት ሰዎች በሁሉም ነገር እኩል ቢሆኑ ደግሞ የበጎ ፈቃድ ወይም ሌላ የታወቀ አገልግሎት የሰጠው ይቀድማል፤ በዚያም እኩል ከሆኑ ዕጣ ይለያቸዋል።

ከዶርትሙንድ ወደ ደቡብ ተመልሼ ካርልስሩሄ ገባሁ። ይህች ከተማ በ1715 የተቈረቈረች ስትሆን፤ መንገዶቿ ከአንድ ቤተ መንግሥት ተነሥተው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ዛፎች መካከል ግድግዳው መስተዋት የበዛበት ዝቅ ያለ ሕንፃ አለ። ይህ የጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። ጋሼ የጠየቁኝ ጥያቄ እዚህ ቤት ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

የመጀመሪያው በ1972 ሐምሌ 18 ቀን ነው። በሐምቡርግና በባቫርያ ሕክምና ለመማር ጠይቀው ቦታ ያጡ ወጣቶች ነገር ከፍርድ ቤቱ ቀረበ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ ሥራንና የሚማሩበትን ቦታ የመምረጥ ነፃነት ይሰጣል። ዳኞቹም፤ መንግሥት በር የሚዘጋው ያለው ወንበር በሙሉ መያዙ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ የቀረውንም የሚያከፋፍለው ለእያንዳንዱ አመልካች ዕድል በሚሰጥ ትክክለኛ መመዘኛ መሆን አለበት ሲሉ ፈረዱ። ከዚህም የተነሣ የወንበር ብዛት በግምት የሚነገር መሆኑ ቀረ። የመምህራኑ የማስተማሪያ ሰዓት ተደምሮ፤ አንድ ተማሪ ከሚፈልገው ሰዓት ጋር ተመዝኖ፤ ለሕክምና ደግሞ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ የተኙት ሕሙማን ብዛት ታይቶ በሕግ በታወቀ ሂሳብ ይሰላል። ቦታ ያጣ ተማሪ «ሂሳባችሁ ተሳስቷል፤ ወንበር ይተርፋል» ብሎ ሊከስ ይችላል፤ የተሰወረ ወንበር ሲገኝም ከሳሾቹ የሚገቡበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ፍርድ የተሰጠው በ2017 ታኅሣሥ 19 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ከወንበሩ 20 በመቶው ለባለ ከፍተኛ ማርክ፤ 20 በመቶው ለረጅም ጊዜ ለጠበቁ፤ 60 በመቶው ለዩኒቨርሲቲዎቹ ምርጫ ነበር። ዳሩ ግን የሚጠበቀው ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ ደርሶ ነበር፤ ይህም ሐኪም ሆኖ ለመመረቅ ከሚፈጀው ከስድስት ዓመቱ ትምህርት ይረዝማል። ዳኞቹ ተስፋን እንዲህ ማስረዘም ተስፋ ከመንፈግ እንደማይሻል አዩ። ማርክ ብቻውን ሐኪም እንደማያደርግ፤ የ16ቱ ግዛቶች ማርክም በቀጥታ እንደማይመሳሰል ተገንዝበው ሕጉ እንዲሻሻል አዘዙ። ከ2020 ጀምሮ 30 በመቶው በአቢቱር፤ 10 በመቶው ከማርክ ውጭ ባለ ችሎታ፤ 60 በመቶው በዩኒቨርሲቲዎቹ መመዘኛ ይታደላል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ከማርክ ሌላ የሆነ መመዘኛ መጨመር ግዴታቸው ነው። ለዓመታት መጠበቅ ብቻውን ወንበር የሚያስገኝበት መንገድ ቀርቷል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ለልዩ ልዩ ወገኖች የሚነሣ ድርሻ አለ። ከ2019 ጀምሮ በኖርድራይን ቬስትፋለን ግዛት የተጀመረው የገጠር ሐኪም ድርሻ አንዱ ነው። በዚህ የሚገባ ሰው ሐኪም ሲሆን በገጠር 10 ዓመት ለመሥራት ይፈርማል፤ ቃሉን ቢያፈርስ እስከ 250 ሺህ ዩሮ ይቀጣል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ የውጭ አገር ሰው በሕክምና የሚቀመጥለት 5 በመቶ ያህል ነው። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ዜጋ ቢሆንም አቢቱሩን ከጀርመን ትምህርት ቤት ያገኘ ወጣት እንደ አገሬው ተቈጥሮ በዋናው ሰልፍ ይቆማል። ከአዲስ አበባ ለመሄድ የሚያስብ ተማሪ ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

የመጨረሻው ጉዞዬ ወደ ሃይድልበርግ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1386 የተመሠረተ ነው። ቀይ ድንጋዩ ግንብ ከተራራው ላይ፤ አሮጌው ድልድይ ከኔካር ወንዝ ላይ ሆነው ሲታዩ ሥዕል ይመስላሉ። የሕክምናው ክፍል ግን ከወንዙ ማዶ በአዲሱ ሰፈር ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከማርክ ጋር የሚመለከቱት የሕክምና ተማሪዎች መፈተኛ የሚመራው ከዚህች ከተማ ነው። ፈተናው የተጠና ነገር አይጠይቅም፤ ጽሑፍ አንብቦ መረዳትን፤ ሥዕልና ሰንጠረዥ መመርመርን ይለካል። ዘመዴም በግንቦት ወር ተፈትናለች፤ ነርስነቷም በመመዘኛው ውስጥ ይቈጠርላታል። ማርክ ብቻ ሲታይ ከበር የመለሳትን ሰልፍ አሁን በሁለት ተጨማሪ ሚዛን ትሞግተዋለች ማለት ነው።

በሃይድልበርግ ድልድይ ላይ ቆሜ ያሰብሁት ግን የራሴን ቀይ እስክሪብቶ ነበር። በ1 ነጥብ 6 እና በ1 ነጥብ 5 መካከል ያለችው ልዩነት አንድ አስተማሪ በደከመው ማታ ያረማት አንዲት ወረቀት ልትሆን ትችላለች። እኔም ደክሞኝ ያረምኋቸው ወረቀቶች አሉ። ማርኩ ከእጄ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ፍራንክፉርት ስመለስ ለጋሼ የተረዳሁትን ነገርኋቸው። ማርኳ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ሳይሆን ሰልፉ ስለ ረዘመ እንደ ቀረች፤ ሰልፉንም ማንም እንዳልደበቀባት አስረዳሁ። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ፍርድ ነው፤ ግን ያማል» አሉ። ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ያ አገር እጥረትን አላጠፋም፤ ብዙ ጐበዝ ወጣቶች ዛሬም ከበር ይመለሳሉ። ያደረገው ነገር፤ የሚመልሰው ሹም ሂሳቡን እንዲያሳይ ማስገደድ ነው። እኛም በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የምንቀመጥ ወጣቶች ሁሉን ማዳረስ የምንችልበት ቀን ገና ሩቅ ነው፤ «የለም» ስንል ምክንያቱን፤ ቁጥሩንና አቤት የሚባልበትን ቦታ አብሮ መጻፍ ግን በጀት አይጠይቅም።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ በነሐሴ ወር ልጅቱ መልእክት ላከችልኝ። ገብታለች። ዩኒቨርሲቲው በባልቲክ ባሕር አቅራቢያ ባለች ትንሽ ከተማ ስለሚገኝ ከቤቷ በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጋሼም አሁን ስለ ርቀቱ ማማረር ጀምረዋል አለችኝ። እኔ ደስ እያለኝ ያቺን ጠረጴዛ አስታወስሁ። በዚያው ማታ በሌላ ቤት ሌላ አባት እንዲሁ ወረቀት ዘርግቶ፤ የልጁን ቁጥርና የመጨረሻውን ገቢ ቁጥር እያስተያየ ይሆናል። ያማል፤ ግን የሚያስተያየው ቁጥር አለው።