ቲቸር፣ ቪዲዮውን ያጥፉልኝ

ይህን ከመለጠፌ በፊት ለባለ ታሪኳ በስልክ አንብቤላታለሁ። «ስሜንና ቤቱን ካልጠሩ ችግር የለም» ብላኛለች።

አይሲቲ እንደማስተምር ታውቃላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ውስጥ ምግብ ቤት ለምግብ ቤት እየዞርኩ የማስታወቂያ ቪዲዮ እንደምሸጥ ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ለምን እንደጀመርኩ መምህር የሆነ ሰው አይጠይቀኝም፤ የዲፕሎማ ደመወዝ የቤት ኪራይ ከተከፈለበት በኋላ ወሩን አያጋምስም።

መጀመሪያ ሰሞን ሸሚዜን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ፣ ቦርሳ አንግቼ ስገባ ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው ፊቱ ይለዋወጥ ነበር። ለካ ከገቢዎች የመጣሁ እየመሰላቸው ነው! አንዱማ ገና አፌን ሳልከፍት የንግድ ፈቃዱን ከግድግዳ አውርዶ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ቲሸርት ነው የምለብሰው። ሰዓቱንም ተምሬያለሁ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዶ ስለ ቪዲዮ ማውራት ለመባረር ነው። 9 ሰዓት ሲሆን ግን የምሳው ግርግር ያልፋል፣ ባለቤቱም ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል።

«የእኔ ምግብ ራሱ ያወራል» ይሉኛል። አልከራከርም። በራሴ ገንዘብ ሽሮ አዝዤ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ። ሽሮ በሸክላ ሲመጣ ደህና አድርጎ የሚንተከተከው ቢበዛ ለ20 ሰከንድ ነው፤ ስልኩን ቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው የሚቀርጸው የተኛ ሽሮ ነው። እንጀራውም ጠርዙ ሳይደርቅ መሆን አለበት። መብራቱ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ምን የመሰለ ቀይ ወጥ ጭቃ ይመስላል። እዚያው በካፕከት ቆራርጬ የራሳቸውን ሽሮ ሳሳያቸው ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ «ስንት ነው?» ይመጣል። ከ10 ቤት 2 ወይም 3 ይስማማል። የቀረው «እናስብበት» ይለኛል፣ እኔም ሽሮዬን ጨርሼ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። የምሠራው ከትምህርት ቤቴ ራቅ ባሉ ሰፈሮች ነበር። ተማሪ እንዳያየኝ ነው።

እናላችሁ አምና ክረምት ላይ ከአንድ ዓሣ ቤት ጋር ተስማማን። 4,000 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። ጠዋት አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ቀረጽኩ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባሁ። ቆሮሶው ተጠብሶ ከነዳጣው ሲወጣ ትሪውን የያዘችው አስተናጋጅ አየችኝና ሳቀች። «ቲቸር!» የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ሁለታችንም ትንሽ ያፈርን መሰለኝ፤ እኔ በስልኬ፣ እሷ በትሪዋ። ካሜራው ግን ክፍት ነበር። 3 ሰከንድ።

ያን 3 ሰከንድ መግቢያው ላይ አደረግኩት። ሰው ጣቱን የሚያቆመው ወይ የሚያልፈው መጀመሪያው ላይ ነው፣ ይህን ለባለ ምግብ ቤቶች ስሰብክ ነው የከረምኩት። በሁለት ቀን 40 ሺህ ሰው አየው። ከዚያ በፊት 5 ሺህ ያለፈ ቪዲዮ አልነበረኝም። ሚስቴን በቁጥሩ አሰለቸኋት።

በሦስተኛው ቀን ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ቲቸር፣ ቪዲዮውን ያጥፉልኝ።»

የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው የተፈተነችው። ያን ዓመት 50 ከመቶና በላይ ያመጣው ከ100 ተማሪ 3 ገደማ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እሷ ከ3ቱ አልነበረችም። ገጠር ያሉት አባቷ ጥጃ ሸጠው የግል ኮሌጅ አስገቧት። ክፍያው ሲከብዳት አቋርጣ ዓሣ ቤት ገባች፤ ለአባቷ ግን እየተማርኩ ነው እንዳለች ነው። ወንድሟ ደግሞ ስልክ አለው፣ ቲክቶክ ላይ ነው የሚውለው።

ከእኔ ገጽ ወዲያው አጠፋሁት። ችግሩ ቪዲዮው የተሸጠ ነው፣ የቤቱ ባለቤት በራሳቸው ገጽ ላይ ለጥፈውታል። ጠዋት ሄድኩ። «መምህር፣ ሰው እኮ እየመጣ ያለው ያቺን ሳቅ አይቶ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ምክንያቱን ደግሞ መናገር አልችልም፤ ምስጢሩ የእኔ አይደለም፣ ብናገር ሥራዋ ምን እንደሚሆን አላውቅም። «ልጅቷን ሳላስፈቅድ ነው የቀረጽኳት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። እሱም ውሸት አይደለም። አንድም ቀን አስተናጋጅ አስፈቅጄ አላውቅም ነበር። ባለቤቱ እሺ ካለ ወንበሩም ሰውም አብሮ እሺ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ቅድሚያ የተቀበልኩትን 2,000 ብር በቴሌብር መለስኩ፣ ሌላ ቪዲዮ በነፃ ልሠራ ቃል ገባሁ። አጠፉት። በአዲሱ ውስጥ ያለው እጅ፣ ዓሣና ዳጣ ብቻ ነው። 1,100 ሰው አየው። እትዬ ይህን ቁጥር እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

ያም ሆኖ አባትየው ቀድመው አይተውት ኖሯል። እሑድ ደወሉላት። ስለ ኮሌጁም ስለ ትሪውም ትንፍሽ አላሉም። ዓመት ሙሉ አላያትም፣ እሷም አገር ቤት አልሄደችም። «ከስተሻል» ብቻ አሏት።

ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

አሁን ስልኬን ከማውጣቴ በፊት ወጥ ቤት ድረስ እገባለሁ። «ልቀርጽ ነው፣ መታየት የማይፈልግ አለ?» እላለሁ። አንዳንዴ 4 ሠራተኛ ካለ 3ቱ እጅ ያወጣል። ባለቤቶቹ ቅር ይላቸዋል፣ «ሰው የሌለበት ቤት አስመሰልከው እኮ» ያለኝም አለ። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ክትፎ ቤት ቆጮ የሚጋግሩ እናት ፎጣቸውን አስተካክለው «እኔን ቅረጸኝ ልጄ፣ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ ይዩኝ» አሉኝ። 2 ደቂቃ ሙሉ ቀረጽኳቸው። ለማስታወቂያ ይረዝማል። በቴሌግራም ለልጆቻቸው ላክሁት።

ቪዲዮ የምትፈልጉ ባለ ምግብ ቤቶች፣ ኢንቦክስ ክፍት ነው።