እንጀራው እንዴት ነው?

በጅቡቲ ዓርብ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ነው፤ ለጿሚው ኢትዮጵያዊ ደግሞ የጾም ቀን ነው። የከተማው ሰው ከቤተሰቡ ጋር ሩዙንና ሥጋውን ከቦ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ቤተሰቦቻችንን አገር ቤት ትተን የመጣን ሰዎች በያይነቱ ፍለጋ እንወጣለን። እኔ በዚህች የወደብ ከተማ በትራንዚተርነት ሥራ ከተሰማራሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከጥቂት ወራት በቀር የዓርብ ምሳዬን የበላሁት በአንድ ቤት ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እነዚያ ጥቂት ወራት ነው።

ቤቱ የሚገኘው ፕላቶ ዱ ሰርፓን ውስጥ ነው። ስሙ በአማርኛ «የእባብ አምባ» እንደ ማለት ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1888 ጅቡቲን ሲቆረቁሩ ከተማይቱ ከተዘረጋችባቸው የኮራል አምባዎች አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ የኤምባሲዎችና የትልልቅ ቪላዎች ሰፈር ቢሆንም፣ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ስለማይርቀው የኢትዮጵያዊ እግር ከጥንትም ለምዶታል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ መነሻው እዚህ ጅቡቲ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በጅቡቲ በኩል የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያውን ናጋድ ላይ ስላደረገ የድሮው ፉጨት ከሰፈሩ ጠፍቷል፤ እንጀራው ግን አልጠፋም።

ምግብ ቤት ብዬ ስጽፍ አንባቢ ትልቅ ነገር እንዳይጠብቅ። አምስት ጠረጴዛ፣ አበባ የታተመበት የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ፣ ሁለት የጣሪያ ማራገቢያ፣ በጓዳው በር ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ፤ ይኸው ነው። ደንበኞቹ የኤምባሲ ዘበኞች፣ እንደ እኔ ያሉ ትራንዚተሮች፣ መኪናቸውን ከከተማው ዳር አቁመው ለሰነድ ጉዳይ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ አልፎ አልፎም እንጀራ የለመዱ ጅቡቲያውያን ናቸው። በስደት አገር እንዲህ ያለ ቤት ምግብ ብቻ የሚሸጥበት አይደለም። ከአገር ቤት የተላከ ዕቃ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ሥራ የፈታ ሰው የሥራ ወሬ የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው መርዶውን ሰምቶ የሚለቀሰውም እዚያው ነው።

የቤቱን ባለቤት ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ያን ጊዜ ከጓዳ እምብዛም አይወጡም ነበር። ከእኛ ጋር የምትውለው አስተናጋጇ ነበረች፤ ከሐረርጌ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙ ያላለፈ ልጅ። ማን ቃሪያ እንደሚወድ፣ ማን ዘይት በሐኪም እንደተከለከለ፣ ማን ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም፣ ማን በጾሙም ጥብስ እንደሚያዝ ሳትጠይቅ ታውቃለች። በጾም ጥብስ ላዘዘው ሰው፣ ከጿሚዎቹ ራቅ ያለውን ጠረጴዛ ምክንያት ፈልጋ በዘዴ ስትሰጠው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መስተንግዶ ማለት፣ እንግዳው እንዳያፍር አድርጎ ማስተናገድ ይመስለኛል።

የእንጀራውንም ነገር ልንገራችሁ። በአዲስ አበባ ብርድ ሁለት ሦስት ቀን የሚፈልግ ሊጥ በጅቡቲ ሙቀት በጥድፊያ ይነሣል። ትንሽ ከቸኮሉበት ዓይን አያወጣም፤ ትንሽ ከዘገዩበት ይሆመጥጣል። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ጤፉን የዚህ አገር አፈር አያበቅለውም፤ ከኢትዮጵያ በመንገድ ነው የሚመጣው። እትዬ ይህን ሁሉ ተቋቁመው የሚያወጡት እንጀራ ዓይኑ የተከፈተ፣ ለስላሳ፣ ሲጠቀለል የማይሰበር ነበር። በክረምቱ ወራት ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ አልፎ ምግብ ሲያስጠላ እንኳ፣ የእርሳቸው ትሪ ተጠርጎ ይመለስ ነበር። ይህችን የትሪውን ነገር አንባቢ ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የአፋርና የሶማሌ ክልሎች በሚወዛገቡባት በገርባ ኢሳ ጥቃት ደረሰ፤ የተቆጡ ወጣቶችም ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን አውራ ጎዳናና የባቡሩን ሐዲድ ለቀናት ዘጉት። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል እያልን እናወራለን፤ የጅቡቲ ገበያ ጎመንና ቲማቲም፣ ጫቱም ጭምር፣ ከኢትዮጵያ እንደሚመጣ የምናስበው ግን መንገድ ሲዘጋ ነው። የእትዬም ጤፍ አለቀ። በቀጣዩ ዓርብ ትሪው ላይ ያገኘነው እንጀራ ነጣ ያለ ነበር፤ ሩዝና ፉርኖ ዱቄት ገብቶበታል። ትኩስ እያለ ያምራል፤ ወጡ ሳያልቅ ግን ጠርዙ ደርቆ እንደ ወረቀት ይሰነጠቃል። ማናችንም አልከፋንም። መንገዱ ተዘግቷል፤ ምን ይደረግ? እንዲያውም ቤቱን ሳይዘጉ ስለጠበቁን አመሰገንናቸው።

መንገዱ ተከፈተ። መኪናው ገባ፤ ባቡሩም ሄደ። ቅልቅሉ ግን እዚያው ሰነበተ። ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም ጠባ፤ እንጀራው እንደ ነጣ ነው፤ ዋጋውም ያው ነው።

እኛ ደንበኞቹ ምን አደረግን? ቤት ውስጥ ሳለን ምንም አላደረግንም። በላን፣ ከፈልን፣ «እግዜር ይስጥልን» ብለን ወጣን። ደጅ ላይ ስንደርስ ግን ሌላ ሰዎች ሆንን። «ሴትዮዋ ገንዘብ ጣማቸው» አለ አንዱ። «ምግብ ቤት ሲለመድ መበላሸቱ መች ይቀራል!» አለ ሌላው። እኔም የድርሻዬን ጨመርኩ። ከመካከላችን መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ «እትዬ፣ እንጀራው እንደ ድሮው አይደለም» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ይሉኝታ ያዘን።

ይሉኝታችን የሠራው ግን ለእትዬ ብቻ ነው፤ ለአስተናጋጇ አልሠራም። አማርኛችን ሰው ጠቅልሎ የሚያጎርሰውንም ምግብ፣ ለአስተናጋጅ ጠረጴዛ ላይ የሚተወውንም ገንዘብ «ጉርሻ» ይለዋል፤ ሁለቱም የፍቅር ናቸውና። በዚያ ሰሞን ሁለተኛውን ጉርሻ አስቀረን። ለባለቤቷ ያልነገርነውን ቅሬታ ከልጅቷ ኪስ አወራረድነው ማለት ነው። አንድ ዓርብ እኔ ራሴ የተሰበረውን እንጀራ አንሥቼ፣ «ይህንን ነው እንጀራ ብለሽ የምታቀርቢልኝ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰው ዞሮ ተመለከተ። «ይቅርታ፣ ጋሼ» አለችኝና ገብታ ሌላ ትኩስ እንጀራ አምጥታ ጨመረችልኝ። ሒሳብ ላይ አላስገባችውም። እኔ ግን መልሱን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለቅሜ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀረሁ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የቆየ ክርክር ለራሴ በሚመች መንገድ ፈትቼ ወደ የመኖቹ ዓሣ ቤት ዞርኩ። ዓሣውን ከሁለት ሰንጥቀው በበርበሬ ይቀቡና እንደ ጉድጓድ በጠለቀ የሸክላ ምድጃ ይጠብሱታል፤ እንደ ሰፌድ ከሰፋ ትኩስ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል። ጥሩ ምግብ ነው። ነገር ግን እዚያ ቤት ማንም ስሜን አያውቅም፤ ማንም «ዛሬ ለምን ዘገየህ?» አይለኝም።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ እግሬ ወደ እትዬ ቤት መለሰኝ። ከአምስቱ ጠረጴዛዎች ሰው ያለበት አንዱ ብቻ ነበር። ትሪውን ያቀረቡልኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው።

«ጠፋህ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኩ። ውሸቴን ነበር። «ልጅቷስ?»

ከፊቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አሰናበትኳት» አሉ። «ደንበኛው እየሸሸ አስቸገረኝ። ጉርሻ እንኳ መስጠት ተዋችሁ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚጨክንባት ያለ ነገር አይደለም፣ ጠባይዋ ነው አልኩ። ስጠይቃት ታቀረቅራለች እንጂ መልስ የላትም።»

የያዝኩትን ቁራሽ አስቀመጥኩ። «እትዬ፣ እንጀራው ነበር» አልኳቸው።

«ምኑ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደጅ ላይ የተባለውንም ሳልደብቅ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ትሪው እኮ ባዶውን ነበር የሚመለሰው» አሉ በመጨረሻ። «መንገዱ ሲዘጋ ቢጨንቀኝ ቀላቀልኩ። ሲከፈት የጤፉ ዋጋ ወጥቶ ጠበቀኝ። እናንተ ላይ ዋጋ መጨመር ከበደኝ፤ ሾፌሮቹ ዋጋዬን በቃላቸው ይዘውታል፤ ‹እሳቸውም እንደ ሌላው ሆኑ› እንዳይሉኝ ፈራሁ። ትሪው ባዶ ሲመለስልኝ ጊዜ ወደዱት አልኩ። አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ!»

ትሪው ባዶ የሚመለሰው ስለራበን ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኛ ግን የደበቅነው የሌላ ሰው በሽታ ነው። እትዬ ዋጋውን ለመናገር አፈሩ፤ እኛ ጉድለቱን ለመናገር አፈርን፤ ልጅቷ ከእኛ የሰማችውን ለአሠሪዋ ለመናገር ፈራች። ሦስታችንም ዝም ስንል የእንጀራ ገመዷ የተበጠሰው የደካማዋ ነው።

ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው ለማለት አልደፍርም። ያቺ ልጅ በጾም ጥብስ ያዘዘውን ሰው ከዓይን የምትሰውረው በይሉኝታ ነበር፤ እትዬም ዋጋ መጨመር የከበዳቸው በይሉኝታ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ሰውየው ፊት ዝም አሰኝቶ ከጀርባው የሚያናግር ከሆነ፣ ሐሜት ነው እንጂ ይሉኝታ አይደለም። ገንዘቡን የከፈለ ሰው የቀረበለትን ምግብ የመንቀፍ መብት አለው። ቅሬታ ግን አድራሻ አለው። አስተናጋጅ ዱቄት አትገዛም፣ ሊጥ አታቦካም፣ ዋጋ አትተምንም። እኛ የምንጮኸው በእርሷ ላይ የሆነው ጥፋቱ የእርሷ ስለሆነ አይደለም፤ ቅርባችን የምትገኘው፣ መልስ የማትሰጠንም እርሷ ስለሆነች ነው።

በሳምንቱ እትዬ አንድ ካርቶን ቆርጠው ግድግዳው ላይ ለጠፉ። «የጤፍ» በአዲስ ዋጋ፣ «ቅልቅል» በድሮው ዋጋ ይላል። ከሾፌሮቹ ገሚሱ ቅልቅሉን መረጡ፤ የተቆጣ ሰው አላየሁም። ጠረጴዛዎቹም ቀስ በቀስ ሞሉ። ያን ሁሉ ወር የከበደን ነገር ከአንዲት ካርቶን አልበለጠም።

ልጅቷን ፈለግናት። እትዬ ራሳቸው በየሰፈሩ አስጠየቁ። «ሰው ቤት ተቀጥራለች» አለ አንዱ። «ወደ ኦቦክ ሄዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ ሌላው። ኦቦክ ባሕሩን ወደ የመን የሚሻገሩ ወገኖቻችን የሚሳፈሩባት ዳርቻ መሆኗን ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ያን ቀን ከዚያ በላይ የተናገረ አልነበረም። እስከ ዛሬም እርግጡን የነገረን የለም።

አሁን እትዬ ዓርብ ዓርብ ከጓዳ እየወጡ በየጠረጴዛው «እንጀራው እንዴት ነው?» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ወደ እኔም መጡ። «ዛሬ ሊጡ ትንሽ ዘግይቷል መሰለኝ፣ እትዬ፤ ሆምጠጥ ብሏል» አልኳቸው። ከትሪዬ ላይ ቆረስ አድርገው ቀመሱ፤ «እውነትህን ነው» ብለው ተመለሱ። አዲሷ አስተናጋጅ ሒሳቡን ስታመጣ ጠረጴዛው ላይ የሁለት ሰው ጉርሻ ትቼ ተነሣሁ። በዛ ብላ ልትመልስልኝ ተከተለችኝ፤ «ያዢው፣ እህቴ» አልኳትና ወደ ፀሐዩ ወጣሁ።